ቡናው ቆሞ የሄደበት ቀን

አንድ አንቀጽ ከአዋጅ ረቂቅ ላይ ለማሰረዝ ማስረጃ ፍለጋ ነበር ያን ጊዜ ጅማ የሄድኩት። ክረምቱ ሊወጣ ጥቂት ሲቀረው ነው። ምክንያቴን አስቀድሜ የምናገረው አንባቢ ገና ከጅምሩ እንዳያዝንልኝ ብዬ ነው።

አስቴር እባላለሁ። ተወልጄ ያደግኩት እዚያው ጅማ፣ ቦሳ አዲስ ነው። አባቴ ከመንዝ መጥቶ በልብስ ስፌት ስድስት ልጅ ያሳደገ ሰው ነበር። እኔ ረጅም ዘመን አስተማሪ፣ ቀጥሎም ርእሰ መምህር ሆኜ ሠርቼ በመጨረሻ የክልሉ ምክር ቤት አባል ሆንኩ፤ የበጀት ቋሚ ኮሚቴ ውስጥ ገባሁ። ባልደረቦቼ «መቀሷ» ይሉኝ ነበር። የማይረባ ወጪ አያልፈኝም ነበርና ስሙን እንደ ሙገሳ ነበር የምቆጥረው።

በዚያ ዓመት የቀረበልን ረቂቅ አዋጅ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ስለሚካሄድ ሳይንሳዊ ምርምር ነበር። ክልሉ በየዓመቱ ከበጀቱ ለምርምር የተለየ ድርሻ እንዲያስቀምጥ፣ የተቀመጠውም ወደ ሌላ ሥራ እንዳይዞር ይላል። ጭቅጭቁ ሁሉ በአንድ ቃል ላይ ነበር። ረቂቁ «ይመደባል» ይላል። እኔ ደግሞ ወይ አንቀጹ ይውጣ፣ ካልሆነም «ሊመደብ ይችላል» ይባል ብዬ ጽፌ ነበር። ለማያውቅ ሰው ሁለቱ ቃላት ይቀራረባሉ። «ይመደባል» ከተባለ ግን መስጠት ግዴታ ነው፤ «ሊመደብ ይችላል» ከተባለ ዓመት ዓመትን እየተካ ምንም ሳይሰጥ መኖር ይቻላል። የፈለግኩትም ይህንኑ ነው። ሕዝቡ መንገድ፣ ውኃ፣ መድኃኒት እያለ ሲጮህ መደርደሪያ ላይ አቧራ ለሚጠጣ ጥናት ምን አስጨነቀን? እል ነበር።

የሕዝብ አስተያየት ለመስማት ጅማ ላይ መድረክ ተዘጋጀ። ነጋዴው ተናገረ፣ ገበሬው ተናገረ፣ ምሁራኑ ረዘም ረዘም አድርገው ተናገሩ። ማብቂያው ላይ ከኋላ ወንበር አንድ ቀጭን ወጣት ተነሣ። ጫማው ላይ ጭቃ ደርቆበታል።

«መምህር ነጂብ እባላለሁ፤ የአወቱ መንደራ ልጅ ነኝ» አለ። «በዩኒቨርሲቲው የማስተምረው ሥነ ምድር ነው። ስለ አንቀጹ የምለው የለኝም። ክብርት አስቴር ነገ ከእኔ ጋር አንድ ቀን ይዋሉ፤ ሌላ አልጠይቅም።»

አዳራሹ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ከስብሰባው በኋላ ግን በር ላይ ጠበቀኝ።

«ምንድን ነው የምታጠናው?» አልኩት።

«የሚሄድ መሬት።»

«የት ነው የሚሄደው?»

«ቁልቁል ነዋ፣ እትዬ» አለኝ፤ ፊቱ ላይ ቀልድ አልነበረም።

እሺ አልኩ። እውነቱን ልናገርና፣ እሺ ያልኩት በኮሚቴው ፊት «ሄጄ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ምርምር የሚሉት ይኼ ነው» ለማለት እንዲመቸኝ ነው።

በማግሥቱ ማለዳ በምክር ቤቱ መኪና ተነሣን። አጋሮን አልፈን ከዋናው መንገድ ተገነጠልንና በቡናው መሐል ዳገቱን ያዝነው። ለአንድ ሳምንት የሚያባራ የማይመስል ዝናብ ዘንቦ በዚያ ቀን አቁሟል። በምትኩ ጭጋግ ወርዷል። የቀበሌዋን ስም አልጽፍም፤ የቀሩት ሰዎች ጥያቄ እየበዛባቸው ነውና። መኪናውን በአንድ ትምህርት ቤት ግቢ አቆምን። ትምህርት ቤቱ ያለው በአንዱ ጉብታ ላይ ነው። ከፊት ለፊቱ፣ ከሸለቆው ማዶ፣ መንደሩ አለ፤ ሠላሳ የማይሞላ ቤት በቡና ተዳፋት ላይ የተበተነ። በእግር ወርደን ወንዙን ተሻግረን ወጣን።

መንደሩ አፋፍ ስንደርስ አንድ ነገር ረበሸኝ፤ ምን እንደሆነ ግን አላወቅሁም። ቆም ብዬ ሳዳምጥ ገባኝ። ወፍ የለም። በዚያ ጫካ፣ በዚያ ሰዓት፣ አንዲት እንኳ የምትጮህ ወፍ አልነበረችም። የእኔ ትንፋሽና የነጂብ የጫማ ድምፅ ብቻ ነበር። ከዚያ ከጭጋጉ ውስጥ፣ ከወደ ላይ፣ የሚነካካ ቆርቆሮ ድምፅ መጣ። ኪል። ዝም። ረጅም ዝም። ደግሞ ኪል።

«ምንድን ነው?» አልኩት።

«የእኔ መሣሪያ ነው» አለ። ፈጠን ብሎ መራመድ ጀመረ።

በመንገዳችን ላይ አንድ ሽማግሌ ጋቢ ለብሰው ቆመው አገኘን። አባ ፊጣ ይባላሉ፤ የመንደሩ አባት ናቸው። ሰባ ያለፋቸው፣ ጠይምና ረጅም ሰው። ነጂብ ጎንበስ ብሎ «አከም ቡልተን አባ» ሲላቸው ሰላምታውን ሳይመልሱ በእጃቸው የያዙትን ዱላ ዘረጉለት። ዱላው ላይ በቢላ የተቆረጡ ምልክቶች አሉ። ነጂብ ገንዘብ ከፍሎ የሚያስነብበው ሠራተኛ ስለሌለው፣ በየማለዳው መሣሪያውን አይተው መሬቱ የሄደውን ያህል ዱላው ላይ የሚቆርጡለት እሳቸው ነበሩ። ከታች ያሉት ቁርጦች እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ተጠጋግተዋል። ወደ ላይ ሲሄድ ይራራቃሉ። በመጨረሻዎቹ በሁለቱ መካከል የእኔ መዳፍ ይገባል።

«ይሄ የዛሬ ነው?» አለ ነጂብ።

«የዛሬ ነው። ሱብሂ ሰግጄ እንደወጣሁ የቆረጥኩት» አሉ አባ ፊጣ። ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብለው፣ «ላፍቲ ዴማ ጂራ፣ ልጄ» አሉኝ። መሬቱ እየሄደ ነው ማለታቸው ነው። ዝናብ እየመጣ ነው እንደሚል ሰው ረጋ ብለው ነው ያሉት።

መሣሪያውን አሳዩኝ። ሁለት ችካል፣ በመካከላቸው የተወጠረ የአጥር ሽቦ፣ ጫፉ ላይ አሸዋ የተሞላ የውኃ ፕላስቲክ፣ ከጎኑ የተማሪ ማስመሪያ። ሽቦው ላይ ባዶ የቲማቲም ቆርቆሮዎች ተንጠልጥለዋል፤ መሬቱ ሲንቀሳቀስ ሽቦው ይሳብና እርስ በርስ ይነካካሉ። ሳቄ መጣ። ማታ ጅማ ስመለስ ለባልደረቦቼ እንዴት አድርጌ እንደማወራው በሐሳቤ ማዘጋጀት ጀምሬ ነበር። ፎቶም አነሣሁ።

እንዳነሣሁ፣ ነፋስ የሚባል ነገር በሌለበት፣ ማንም ሳይነካው፣ ዓይኔ እያየ ቆርቆሮው ተንቀሳቀሰና ኪል አለ።

ስልኬን ወደ ቦርሳዬ መለስኩት።

«ትክክለኛው መሣሪያ መሬት ውስጥ ይቀበራል» አለ ነጂብ፤ ማስመሪያው ላይ እንዳጎነበሰ ነው። «ቀንና ሌሊት ይለካል። የመሬቱ ጉዞ ሲፈጥን ስልክ ላይ መልእክት ይልካል። ሦስት ጊዜ አመልክቼ ነበር። ሦስቱንም ጊዜ በጀት የለም ተባልኩ።»

የማን ፊርማ ያለበት ኮሚቴ እንደዚያ ዓይነቱን በጀት እንደሚቆርጥ እሱም አልተናገረም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

ከዚያ በኋላ መንደሩን ዞርን። ያየሁትን እንዳየሁት ልንገራችሁ። የመስጊዱ በር ከትላንት ጀምሮ አልዘጋም ብሎ ገርበብ እንዳለ ቀርቷል፤ መቃኑ ተጣሟል። ከመስጊዱ በታች ባለው የመቃብር ቦታ የቆሙት ድንጋዮች በሙሉ ወደ አንድ ወገን፣ ወደ ሸለቆው፣ ዘመም ብለዋል፤ ቁልቁል የሚጠራቸው ሰው ያለ ይመስል። ጉሬዛዎቹ ከጫካው ከወጡ ሦስት ቀን እንደሆናቸው አባ ፊጣ ነገሩኝ። ከቡናው በላይ መሬቱ እንደ ደረቀ ከንፈር ተሰንጥቋል፤ ስንጥቁ ከዳር እስከ ዳር ጫካውን አቋርጦ ጭጋግ ውስጥ ይገባል። ጎንበስ ብዬ እጄን ብሰድበት ከውስጡ ቀዝቃዛ ትንፋሽ ወጣና ክንዴን ዳሰሰኝ። እጄን ቶሎ አወጣሁ። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ በቀሚሴ ጠረግሁት።

ከምንጩ ዘንድ የአባ ፊጣ ባለቤት አዴ ሩቂያ እንስራቸውን ይዘው ቆመው ነበር። አጭር፣ ፈገግታ የማይለያቸው ሴት ናቸው። «ዛሬ ማለዳ ውኃው ጠፋ» አሉን፤ «ሙሉ በሙሉ ዝም አለ። አሁን ደግሞ ተመልሶ መጣ፤ ግን እዩት!» ምንጩ ወተት በተቀላቀለበት ሻይ ዓይነት ቀለም እየፈሰሰ ነበር።

ነጂብ ውኃውን ባየ ጊዜ ፊቱ ተለወጠ። መሬት ላይ ተንበርክኮ ጆሮውን አፈሩ ላይ አደረገ። ለመስገድ መስሎኝ ነበር። «ይምጡ፣ እትዬ» አለኝ። ዕድሜዬ የገፋ ሴትዮ፣ የምክር ቤት አባል፣ ጭቃው ላይ ተንበርክኬ ጆሮዬን አስጠጋሁ።

መጀመሪያ ምንም አልነበረም። ቀጥሎ ሰማሁት። ከሥር፣ ከጥልቅ፣ ሰው ጣቱን ሲያንቋቋ የሚሰማ ዓይነት ድምፅ። ቋ። ቋ ቋ። ትንሽ ቆይቶ፣ ከሌላ ቦታ፣ ቋ።

«ሥሮቹ ናቸው፤ እየተበጠሱ ነው» አለኝ በሹክሹክታ።

ተነሥተን ተያየን። ያን ጊዜ የጠየቅሁትን ጥያቄ በሕይወቴ ሺህ ጊዜ ጠይቄው አውቃለሁ፤ ባለሙያ ሁሉ ኮሚቴያችን ፊት ሲቀርብ የምወረውረው ጥያቄ ነው።

«እርግጠኛ ነህ?»

«አይደለሁም» አለ ነጂብ። «ዛሬ ሊሆን ይችላል። ከዐሥር ቀን በኋላ ሊሆን ይችላል። ቆሞም ሊቀር ይችላል። ይሄን የሚነግረኝ መሣሪያ የለኝም። በሽቦና በቆርቆሮ የማውቀው ይሄን ያህል ነው። ወላሂ፣ የራሴ እናት እዚህ ብትሆን ግን አሁኑኑ አስወጣት ነበር።»

የቀበሌውን ሊቀመንበር አስጠራን። ጣሃ ይባላል፤ ጠንቃቃ ሰው ነው። ነገሩን ሰምቶ አንገቱን ደፋ። «ክብርት፣ ደብዳቤ አለ? ከበላይ አካል?»

«የለም።»

«እንግዲያ ሰዉን በምን አስወጣለሁ? ነገ ምንም ባይሆን በእኔ ነው የሚስቁት። ባለፈው ዓመትም ይሄ ልጅ ሥጋት አለ ብሎን ነበር።»

ነጂብን አየሁት። አልተከራከረም። ሁለቱም እኔን ጠበቁ። በሥልጣን ከሁሉ የምበልጠው እኔ ነበርኩ፤ በእጄ ያለው ማስረጃ ደግሞ ትንሽ ቀደም ብሎ ልስቅበት የነበረ የቲማቲም ቆርቆሮ ነው። ከማስታወሻ ደብተሬ ወረቀት ቀደድኩና የመንደሩ ሰው ለጊዜው ወደ ትምህርት ቤቱ እንዲዛወር፣ ኃላፊነቱም የእኔ እንዲሆን ጽፌ ፈረምኩ።

የገበያ ቀን በመሆኑ ከመንደሩ ሰው ግማሹ ወደ ከተማ ወርዷል። የቀሩትን ከቤት ቤት እየዞርን አወጣን። «ኮታ! ኮታ!»፣ ኑ ኑ እያሉ ጣሃና አባ ፊጣ ሲጣሩ ድምፃቸው በጭጋጉ ውስጥ ከሌላ ቦታ የሚመጣ ይመስል ነበር። ያጉረመረመ አለ፤ የሰደበን አለ። አንዲት አራስ በቃሬዛ ወጣች። ስድስት ሰዓት ሲሆን ሁሉም ሸለቆውን ተሻግሮ ትምህርት ቤቱ ግቢ ደረሰ። ጣሃ በስም እየጠራ ቆጠረ፤ አንድም የጎደለ የለም። ያን ጊዜ እፎይ አልኩ።

ከዚያ መጠበቅ ሆነ።

ሰባት ሰዓት። ምንም የለም። ስምንት ሰዓት። ጭጋጉ ከፈት ሲል መንደሩ ከማዶ ይታየናል፤ ቆርቆሮ ጣሪያዎቹ፣ ነጭ የመስጊዱ ግንብ፣ አረንጓዴው ቡና፣ ሁሉም እንደነበረ ነው። ደግሞ ይዘጋል። እናቶች ሕፃናት ይዘው መሬት ላይ ተቀምጠዋል። ገበያ ውለው የተመለሱት እየመጡ «ምን ሆናችሁ?» ሲሉ መልሱን የሚናገር ሰው ያፍራል። አንድ ጎልማሳ ጮክ ብሎ «ባለሥልጣን ስትመጣ ፎቶ ለመነሣት ነው እንጂ!» አለና ሰዎች ሳቁ። ጆሮዬ ጋለ።

ነጂብ በዘጠኝ ሰዓት ግድም ከጣሃ ጋር ወደ ላይኛው ጉብታ ወጣ፤ እዚያ ኔትወርክ አለ፤ ወደ ዞን ለመደወል ነው። እኔ በረንዳው ላይ ብቻዬን ቀረሁ። ያን ሰዓት ያሰብኩትን ሳልደብቅ ልናገር። ተታለልኩ ብዬ አሰብኩ። የቆርቆሮ ድምፅና የሥር መንቋቋት አስፈራርቶኝ ወደ ሠላሳ የሚጠጋ አባወራ አፈናቀልኩ፤ ነገ ወሬው ምክር ቤት ይደርሳል፤ መቀሷ ተቆረጠች ይባላል። ለመንደሩ ከፈራሁት ይልቅ ለስሜ መፍራት ጀምሬ ነበር።

አዴ ሩቂያ የመጡት በዚህ መሐል ነው። አጠገቤ ቁጢጥ አሉ።

«ልጄ፣ ላሜን አስሬ ነው የመጣሁት። ትላንት ነው የወለደችው። ጥጃዋ ገና በደንብ አልቆመችም። ሄጄ ፈትቼ ልምጣ?»

ወደ ማዶ አየሁ። ጭጋጉ ተዘግቶ ነበር። ቆርቆሮው አይሰማም፤ ሩቅ ነው። ሁሉ ነገር ጸጥ ያለ ነው። አይሆንም ማለት ነበረብኝ። አይሆንም የምልበት ወኔ ግን ስጠብቅ ውዬ አልቆብኝ ነበር።

«ይሂዱ አዴ» አልኳቸው፤ «ግን ቶሎ ይመለሱ።»

«አሁን ነው የምመለሰው፣ ኢንሻ አላህ» አሉ። ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አጥብቀው አሰሩና በቀጭኑ መንገድ ወረዱ። ጀርባቸው መጀመሪያ ደበዘዘ፣ ቀጥሎ ጠፋ።

ከዚያ በኋላ ስንት ደቂቃ እንዳለፈ አላውቅም። ብዙ ጊዜ ተጠይቄበታለሁ፤ አላውቅም። ከጭጋጉ ውስጥ ኮቴ ተሰማ። የሰው አልነበረም። ቀይ ላም ብቅ አለች፤ የተፈታ ገመዷን እየጎተተች፣ ከኋላዋ እግሯ የሚተሳሰር ጥጃ አስከትላ። ግቢው መሐል መጥታ ቆመችና ወደመጣችበት ዞራ አየች። ሁላችንም እንደ ላሟ ወደዚያው አየን፤ ከኋላዋ ሰው ይመጣል ብለን። ማንም አልመጣም።

ልክ ያን ጊዜ ጭጋጉ ተከፈተ።

ናዳ ሲባል ድንጋይ የሚንከባለልበት፣ ጩኸት ያለበት ነገር ይመስለኝ ነበር። ያየሁት እንዲያ አልነበረም። ቡናው ቆሞ ሄደ። ተዳፋቱ በሙሉ፣ ከነዛፉ፣ ከነአጥሩ፣ ከነቤቱ፣ አንዳች ሳይወድቅ፣ ቀጥ እንዳለ፣ በዝግታ ቁልቁል ተጓዘ። የጥላ ዛፎቹ ቆመው ሄዱ። የመስጊዱ ግንብ ቆሞ ሄደ። ቀብር የሚሸኝ ሕዝብ በጸጥታ ሲያልፍ ያያችሁ እንደሆነ፣ እንደዚያ ነበር። ድምፅ አልነበረውም፤ ወይም እኔ አልሰማሁም። ወንዙ ዳር ሲደርስ ነው ዛፎቹ አንድ ጊዜ እንደ መስገድ ያሉት። ከዚያ በኋላ ድምፁ መጣ፤ ከእግራችን ሥር መጣና በደረታችን በኩል አለፈ። የትምህርት ቤቱ መስኮቶች ረገፉ።

ጭጋጉ ተመልሶ ዘጋው።

በዚያ ዝምታ ውስጥ የተሰማው የአባ ፊጣ ድምፅ ብቻ ነው። ጉብታው ጫፍ ላይ ቆመው፣ ሰው ጓሮ ያለችውን ሚስቱን እንደሚጠራ፣ ሳይጮኹ፣ «ሩቂያ! ኤሳ ጂርታ?» አሉ። የት ነሽ? መልስ እስኪመጣ ጠበቁ። ደግመው ጠሩ።

አዴ ሩቂያ ከሦስት ቀን ፍለጋ በኋላም አልተገኙም። ከመንደሩ ሰው የጎደሉት እሳቸው ብቻ ናቸው። ሰዎች እጄን እየሳሙ «ሁላችንን አዳንሽን» ሲሉኝ በረንዳው ላይ ምን እንደተናገርኩ የሚያውቅ አልነበረም። ነጂብ እንኳ አልጠየቀኝም። ምስጋናውን ዝም ብዬ ተቀበልኩ። እስከ ዛሬ ከሁሉ የሚያሳፍረኝ ይኸው ዝምታዬ ነው።

ከወር በኋላ ኮሚቴው ረቂቁን ለመጨረሻ ጊዜ ተወያየበት። የአንቀጹን መሰረዝ የሚጠይቀው ጽሑፍ የራሴ ስለነበር መጀመሪያ የመናገር ዕድል ተሰጠኝ። ጽሑፌን እንደማነሣ ተናገርኩና ያየሁትን አወራሁ። ሰብሳቢያችን በትዕግሥት ሰሙኝ። ከዚያ አንድ ባልደረባዬ እጁን አውጥቶ፣ «እትዬ አስቴር፣ ሐዘንሽን እንካፈላለን። ግን መሣሪያው ቢኖር ኖሮ ሴትየዋ ይተርፉ እንደነበር እርግጠኛ ነሽ?» አለኝ።

የራሴን ጥያቄ ለመጀመሪያ ጊዜ ከፊት ለፊቱ ቆሜ ሰማሁት። «አይደለሁም» አልኩት። «ሰዓቱን ባውቅ ኖሮ ግን ይሂዱ አልላቸውም ነበር።» ይሂዱ ያልኳቸው እኔ መሆኔን ያን ቀን በቃለ ጉባኤ አስመዘገብኩ።

«ይመደባል» የሚለው ቃል በጠባብ የድምፅ ልዩነት ጸና፤ አዋጁም ወጣ። አትሳሳቱ፤ ይህ የድል ወሬ አይደለም። በቃሉና በመሣሪያው መካከል ገና ብዙ ቢሮ አለ፤ ነጂብ ይህን በምጽፍበት ጊዜ እንኳ የሚለካው በሽቦ ነው፤ ለግዢው ጨረታ ወጥቷል እየተባለ ይጠብቃል። እኔም በየሳምንቱ እየደወልኩ አስቸግራለሁ። «መቀሷ» የሚለኝ ሰው አሁን የለም።

አንባቢዎቼ፣ ከእናንተ መካከል ወረቀት ላይ «ይጽደቅ» ወይም «ይሰረዝ» ብሎ የሚፈርም ካለ፣ የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው። ባለሙያ ፊታችሁ ቆሞ «እርግጠኛ አይደለሁም» ሲል ወረቀቱን አጥፋችሁ አትመልሱለት። እርግጠኛ ለመሆን ምን እንደጎደለው ጠይቁት። እኔ ይህን ጥያቄ ለማወቅ የከፈልኩት ምንም የለም፤ የተከፈለው በሌላ ሰው ነው።

ባለፈው መስከረም አባ ፊጣን ላያቸው ሄጄ ነበር። ከሸለቆው ወዲህ በተሰጣቸው ቦታ ቤት ሠርተዋል። በቃለ ጉባኤ ያልኩትን ለእሳቸው አልነገርኳቸውም ነበርና፣ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠን ነገርኳቸው። አዴ ሩቂያ ላሟን ፈትተው እንዲመጡ የፈቀድኩት እኔ መሆኔን፣ ስሜን ስፈራ እንደነበር፣ ሁሉንም።

«መጀመሪያ የጠየቀችው እኔን ነው» አሉኝ። «በየማለዳው ሽቦውን የማየው እኔ፣ ዱላው ላይ የምቆርጠው እኔ ሆኜ ሳለሁ አትሂጂ አላልኳትም። ጥጃዋ አሳዘነችኝ። ለሰው ተናግሬው አላውቅም።»

ከዚያ ነገሩን ልጽፈው እንደማስብ፣ እሳቸው ካልወደዱ ግን እንደምተወው ነገርኳቸው።

«ጻፊው» አሉኝ። «የእኔንም ጨምረሽ ጻፊው።»